ከመሶብ ወደ መኪና፦ ባዮፊውል የዓለምን ረሃብ አባብሷል?

ከአንድ ኩንታል በቆሎ 40 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይወጣል። አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ቪትዝ የምትይዘው ነዳጅ ከዚህ ትንሽ በለጥ ይላል። እንግዲህ በንጹሕ ኢታኖል ትነዳ ብንል አንድ ጊዜ ለመሙላት አንድ ኩንታል በቆሎ ይሄዳል ማለት ነው። በአገራችን የእህል እርዳታ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው 15 ኪሎ ነው። በዚህ ሂሳብ አንዲት ትንሽ መኪና ማደያ ደርሳ ስትወጣ የስድስት ሰው የወር ቀለብ ጠጥታ ትወጣለች።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን ያሳስታል። ንጹሕ ኢታኖል የሚነዳ መኪና በአብዛኛው ዓለም የለም፤ ኢታኖል የሚቀርበው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከበቆሎውም ሲሶ ያህሉ ከተጠመቀ በኋላ አተላው ደርቆ ለከብት መኖ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአሜሪካዋ አዮዋ ውስጥ ያልተጠመቀ በቆሎ ራሱን ጭኖ ወደ ተራበ ሰው ደጅ አይመጣም። ከበቆሎው እስከ ረሃቡ ያለው መንገድ በገበያ፣ በሕግና በዋጋ በኩል ያልፋል። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ የሚደርስበት ፍርድም ይህ ነው፦ ጉዳቱን ያመጣው ከእህል ነዳጅ መሥራቱ ብቻ አይደለም፤ ምርት ጠፋም አልጠፋም ነዳጁ ይገዛ ብሎ የሚያዝዘው ሕግ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት መነሻዎች

ባዮፊውል፣ ማለትም ከሰብል የሚሠራ ነዳጅ፣ በሦስት አካባቢዎች በሦስት ምክንያቶች ተስፋፋ። ብራዚል በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቅል ክፉኛ ተመታች። ብዙ ሳይቆይ የስኳር ዋጋ ወደቀ። መንግሥት ሁለቱን ችግሮች በአንድ ላይ አሰራቸውና በኅዳር 1975 ፕሮአልኮል የተባለውን መርሐ ግብር አወጀ፤ ለስኳር ገበያ ያጣ ሸንኮራ አገዳ ለመኪና ይጠመቅ አለ። በ1979 በንጹሕ ኢታኖል የሚሄድ ፊያት ገበያ ላይ ዋለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች እጅግ አብዛኞቹ ኢታኖል ጠጪ ነበሩ።

አሜሪካ ዘግይታ ገባች፤ የገባችው ግን በሕግ ኃይል ነው። በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል የታዳሽ ነዳጅ መጠን ወሰነ። በታኅሣሥ 2007 ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ሁለተኛው ሕግ መጠኑን እስከ 2022 ድረስ ወደ 36 ቢሊዮን ጋሎን ከፍ አደረገ። ከዚህ 15 ቢሊዮኑ ከበቆሎ ሊመጣ ይችላል ተባለ። የተሰጡት ምክንያቶች ከመካከለኛው ምሥራቅ ነዳጅ መላቀቅና የአየር ንብረት ነበሩ። ዋነኞቹ ተጠቃሚዎች ግን በቆሎ አብቃይ ክፍለ ሀገሮች ነበሩ። በቅርብ ዓመታት አሜሪካ ከምታመርተው በቆሎ ከሲሶ እስከ 40 በመቶ ያህሉ ወደ ኢታኖል ፋብሪካ ይገባል።

የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በአየር ንብረት ስም ጀመረ። በ2003 በወጣው መመሪያ አባል አገሮች እስከ 2010 ድረስ ከትራንስፖርት ነዳጃቸው 5.75 በመቶውን በባዮፊውል እንዲተኩ ተጠየቁ። በ2009 ለ2020 የተያዘው ግብ 10 በመቶ ታዳሽ ኃይል ሆነ። አውሮፓውያን የሚነዱት በብዛት ናፍጣ በመሆኑ የተፈለገው ዘይት ነበር፤ ከጎመን ዘር፣ ከአኩሪ አተር፣ በኋላም ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ፓልም የሚጨመቅ ባዮዲዝል።

3 በመቶ ወይስ 75 በመቶ?

ባዮፊውል ረሃብን ያባብሳል ወይ የሚለው ጥያቄ አደባባይ የወጣው በጥር 2007 በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ለሜክሲኮ ድሃ ቶርቲያ ለእኛ እንጀራ እንደሆነው ነው፤ ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲንር አሥር ሺዎች ሰልፍ ወጡ። ፕሬዚዳንት ካልዴሮን ከነጋዴዎች ጋር የዋጋ ጣሪያ ተፈራረሙ። ነገሩን ሁሉ በአሜሪካ ኢታኖል ማላከክ ግን አይቻልም። ቶርቲያ የሚጋገረው ከነጭ በቆሎ ነው፤ ኢታኖል የሚጠመቀው ቢጫው ነው። የአገሩ ጥቂት ትልልቅ ነጋዴዎችም እጃቸው አለበት ተብሎ ተከሰዋል። ቢሆንም የቢጫው ዋጋ ሲወጣ መኖ አምራቾች ወደ ነጩ ዞሩ፤ ነጩም ተከትሎ ወጣ። አንዱ እህል ሌላውን የሚጎትተው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ዘጋቢ የነበሩት ዣን ዚግለር እህልን ወደ ነዳጅ መለወጥ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብለው የአምስት ዓመት እገዳ ጠየቁ። በ2008 ቀውሱ ዓለምን አዳረሰ። በሚያዝያ የሄይቲ ሴኔት በምግብ ዋጋ ሁከት ሳቢያ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከሥልጣን አወረደ።

ያኔ ነው የቁጥር ጦርነት የተከፈተው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባዮፊውል በዓለም የምግብ ዋጋ ንረት ያለው ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው አለ። የዓለም ባንኩ የኢኮኖሚ ባለሙያ ዶናልድ ሚቸል በሐምሌ 2008 ባወጡት ጥናት ድርሻውን ወደ ሦስት አራተኛ አደረሱት። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ኢፍፕሪ ደግሞ ከ2000 እስከ 2007 ከታየው የእህል ዋጋ ጭማሪ 30 በመቶው፣ ከበቆሎው ደግሞ 39 በመቶው የባዮፊውል ነው አለ።

ሦስቱም የተለያየ ነገር ነበር የሚለኩት። የአሜሪካው ቁጥር የያዘው ሰው የሚበላውን ሁሉ ነው፤ ባዮፊውል የማይነካቸው ምግቦች ሲገቡበት ድርሻው ይሟሟል። ኢፍፕሪ በእህል ላይ ብቻ አተኮረ። ሚቸል ደግሞ ባዮፊውል ያስከተላቸውን ተከታይ ነገሮች በሙሉ በእሱ ስም መዘገቡ፦ የክምችት መመናመንን፣ የመሬት ወደ ሌላ ሰብል መዞርን፣ የቁማር ግዢን፣ መንግሥታት ደንግጠው የጣሉትን የውጭ ንግድ እገዳ ጭምር። ሩዝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚያን ጊዜ ከሩዝ ነዳጅ የሚሠራ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ግን በ2008 መጀመሪያ ወራት ዋጋው ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ህንድና ቬትናም ሽያጭ ገደቡ፤ ገዢ አገሮች ተሻሙ። ይህን ድንጋጤ ለባዮፊውል የሚሰጥ ሰው 75 ይላል፤ የማይሰጥ 30 ይላል። ሊያሳምን የማይችለው 3ቱ ነው፤ ለድሃ ሰው የሚያስጨንቀው የሁሉም ምግብ አማካይ ሳይሆን የእህል ዋጋ ነውና።

ረሃብ የሚገባበት በር

በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የቆየ ትምህርት አለ፤ የመጣውም በከፊል ከወሎ ነው። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት የድህነትና የረሃብ ጥናት የ1973ን የወሎ ረሃብ መርምረዋል። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የነበረው ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደተፈራው አልናረም። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። የወሎ ገበሬ የራሱ ማሳ ከድቶት የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ገንዘብ በሌለበት ቦታ ደግሞ እህል አይቆይም። እንደ ሴን አባባል ሰው የሚራበው እህል ከዓለም ስለጠፋ ሳይሆን እህሉን የማግኘት አቅም ስለሚያጣ ነው።

ይህ ትምህርት ለሁለቱም ወገን ያገለግላል። የባዮፊውል ተከራካሪዎች «ዓለም የሚበቃ እህል አለው፤ ችግሩ ድህነት ነው» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ከዚሁ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ረሃብ የመግዛት አቅም ጉዳይ ከሆነ፣ ከድሃው ጋር በአንድ ገበያ የሚቆም ገንዘብ ያለው አዲስ ገዢ ሲመጣ የድሃው አቅም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባዮፊውል ያመጣው ያንን ገዢ ነው። ቀድሞ የእህልና የነዳጅ ገበያዎች የሚገናኙት በማዳበሪያና በትራክተር በኩል ነበር፤ አሁን አንዱ ሌላውን በቀጥታ መተካት ቻለ። በሐምሌ 2008 ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር ሲደርስ በቆሎም አብሮት ሽቅብ ሄደ።

ጉዳቱ ወደ እኛ የገባው ግን እንደሚታሰበው በመርካቶ በኩል አልነበረም። በ2008 የኢትዮጵያ የእህል ዋጋ ከዓለም ገበያም በላይ ነበር የወጣው፤ ዋነኛ ምክንያቶቹም የአገር ውስጥ ነበሩ። የዓለም ዋጋ የነካን በእርዳታ በኩል ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጀት የሚቆረጠው በገንዘብ ነው፤ ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር ያው ገንዘብ የሚገዛው እህል በግማሽ ይቀንሳል። ድርጅቱ በመጋቢት 2008 ለዚሁ ክፍተት ብቻ 500 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ለመነ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በግንቦት ያን ያህል ገንዘብ ሰጠች። እንዲህ ያለ ልመና ሳይሳካ ሲቀር የሚሰፈረው ቀለብ ይቀንሳል፤ ጎዴ ወይም ሰቆጣ ያለ ተረጂ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ።

የእህል ዋጋ መውጣት ገበሬን ይጠቅማል የሚለው ክርክር በአግባቡ መመለስ አለበት። ለብዙ ዓመታት አፍሪካውያን ያማረሩት ተቃራኒውን ነበር፤ የሀብታም አገሮች በድጎማ የረከሰ እህል የአገራቸውን ገበሬ እያከሰረ ነው ብለው። የሚሸጠው ትርፍ ያለው ገበሬ ከፍ ባለ ዋጋ ያተርፋል። ነገር ግን በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬ ብዙውን ጊዜ በመኸር ሸጦ በክረምት የሚገዛ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ ከሸጠው ይበልጣል። ለእሱ የዋጋ ንረት ኪሳራ ነው።

የማይታጠፍ ግዴታ

የሕጉ ነገር የሚገለጠው ምርት ሲጠፋ ነው። በተለመደ ገበያ እህል ሲወደድ ሁሉም ገዢ እጁን ይሰበስባል፤ ከብት አርቢው መንጋውን ይቀንሳል፣ ድሃው ቁርሱን ይተዋል። የነዳጅ ግዴታ ያለበት ኩባንያ ግን መጠኑ በሕግ ስለተወሰነ መግዛቱን መቀጠል አለበት። ስለዚህ የእጥረቱ ሸክም በሙሉ በቀሩት ላይ ይወድቃል።

ይህ በቃል የሚቀር ክርክር አይደለም። በ2008 የቴክሳስ አገረ ገዢ የከብት አርቢዎቻቸውን ብሶት ይዘው ግዴታው ለጊዜው በግማሽ ይቀነስ ብለው አመለከቱ፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በነሐሴ ውድቅ አደረገው። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦን፣ የዓለም ባንክንና የዓለም ንግድ ድርጅትን ጨምሮ አሥር ዓለም አቀፍ ተቋማት ለቡድን 20 ባቀረቡት የጋራ ሪፖርት መንግሥታት የባዮፊውል ግዴታንና ድጎማን እንዲያነሱ መከሩ። ምክሩን የተቀበለ አልነበረም። በ2012 አሜሪካን ከ1950ዎቹ ወዲህ ያልታየ ድርቅ መታት፤ ከሰባት ዓመት በፊት 2 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ ቡሼል፣ ማለትም 25 ኪሎ ገደማ በቆሎ፣ ከ8 ዶላር አለፈ። የፋኦው ዋና ዳይሬክተር ግራዚያኖ ዳ ሲልቫ ግዴታው ለጊዜው ይታገድ ብለው ጠየቁ፤ አገረ ገዢዎችም አመለከቱ። በኅዳር የመጣው መልስ ያው እምቢታ ነበር።

ከዚህ ጎን ብራዚልን ማየት ያስተምራል። እሷም አንድ ጊዜ ተቃጥላለች። በ1989 የስኳር ዋጋ ሲያገግም ፋብሪካዎቹ አገዳውን ወደ ስኳር መለሱት፤ ኢታኖል ብቻ የሚጠጣ መኪና የገዛ ሕዝብ ማደያ ደጅ ተሰለፈ። ያን ጊዜ የጠፋው እምነት የተመለሰው በ2003 ሁለቱንም ነዳጅ በማንኛውም መጠን የምትቀበለው የቮልስዋገን ጎል ስትወጣ ነው። ዛሬ ብራዚላዊ ሹፌር ማደያ ሲደርስ አንድ ሂሳብ ይሠራል፤ የኢታኖል ዋጋ ከቤንዚኑ 70 በመቶ በታች ከሆነ ኢታኖል፣ ካለፈ ቤንዚን። ኢታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ነው። መንግሥትም ድርሻውን ያሻሽላል፤ በ2011 ኢታኖል ሲያጥር የቅልቅሉን መጠን ከ25 ወደ 20 በመቶ አወረደ፤ በ2025 ደግሞ ወደ 30 አወጣው። ግዴታ አለ፤ ግን ይታጠፋል።

ለሚዛን ሲባል ሌላው ገጽም መነገር አለበት። ከ2013 በኋላ የአሜሪካ የኢታኖል ምርት ሳይቀንስ የበቆሎ ዋጋ ወደ 4 ዶላርና ከዚያ በታች ወረደ። ገበሬዎች ብዙ ዘሩ፤ ገበያውም አዲሱን ገዢ ለመደ። ይህ የሚያሳየው ባዮፊውል ክፉኛ የሚጎዳው በፍጥነት በሚስፋፋበትና ድርቅ ወይም ጦርነት በሚገጥመው ጊዜ መሆኑን ነው። በደህናው ዘመን ጉዳቱ ይደበቃል።

አረንጓዴ ነው ወይ?

ይህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈልለት ጥቅም ቢኖር ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የበቆሎ ኢታኖል ጥቅም ግን ራሱ አጠራጣሪ ነው። በየካቲት 2008 ተመራማሪው ሰርቺንገርና ባልደረቦቻቸው ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ቀላል ነገር ጠየቁ፦ በነዳጅነት የተቃጠለው በቆሎ የሚተካው የት ተዘርቶ ነው? የሚታረሰው ደን ወይም የግጦሽ መሬት ከሆነ፣ ከአፈሩና ከዛፉ የሚወጣው ካርቦን ሲቆጠር የበቆሎ ኢታኖል በ30 ዓመት ውስጥ ከቤንዚን እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ሙቀት አማቂ ጋዝ ያወጣል አሉ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ቁጥሩን አሻሽለውታል፤ ክርክሩን ግን አልዘጉትም። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከቤንዚን ቢያንስ በ24 በመቶ የባሰ ሊሆን ይችላል ሲል፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ40 በመቶና ከዚያ በላይ የተሻለ ነው ይላሉ። ልዩነቱ ያለው በሞላ ጎደል መሬት እንዴት ይቆጠር በሚለው ላይ ነው።

ሸንኮራ አገዳ የተሻለ ስም አለው። ፋብሪካው የሚነደው በራሱ በአገዳው ገለባ ስለሆነ ለአንድ እጅ የከሰልና የነዳጅ ጉልበት 8 እጅ ያህል ይመልሳል፤ በቆሎ 2 ገደማ ነው። በጣም የከፋው የፓልም ዘይት ነው፤ ረግረጋማ ደን ተመንጥሮና ደርቆ የሚተከል ፓልም ያስወጣውን ካርቦን ለመክፈል ከሰው ዕድሜ በላይ ይፈጅበታል። አውሮፓ ይህን ዘግይታም ቢሆን ተረድታለች። በ2015 ከምግብ ሰብል የሚሠራ ባዮፊውል ከ7 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነች፤ የፓልም ባዮዲዝልን እስከ 2030 ከግቧ ለማስወጣት ተስማማች። ከ2025 ጀምሮ የሚሠራ የአውሮፕላን ነዳጅ ግዴታ ስታወጣ የምግብና የመኖ ሰብልን ከመጀመሪያው ከለከለች።

ጉሎ፣ ጃትሮፋና የሚረጋው ዘይት

ኢትዮጵያ የባዮፊውል ስትራቴጂ ያወጣችው በቀውሱ ዋዜማ በ2007 ነበር። ሰነዱ ጃትሮፋ ለተባለ የዘይት ተክል የሚሆን ከ20 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት አለ ብሎ ነበር። ተስፋው የተጣለው «ጠፍ መሬት» በሚባለው ላይ ነው፤ ጃትሮፋ የሚበላ አይደለም፣ ድርቅ ይችላል፣ ከእህል ጋር አይሻማም። ሁለት ነገር ተረሳ። ጃትሮፋ በሰነፍ መሬት አይሞትም እንጂ ፍሬው ያው ሰነፍ ነው፤ ህንድም ይህንኑ በራሷ ኪሳራ ተምራለች። ሁለተኛ፣ ከቢሮ ሲታይ ጠፍ የሆነው መሬት ለአርብቶ አደሩ ግጦሽ፣ ለገበሬው የማገዶና የማር ቦታ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ አንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ የወሰደው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ጭቅጭቅ አስነሣ፤ እርሻውም የታሰበውን ያህል ሳይዘልቅ ቀረ።

ያልተወራለት ግን የሠራው ሞላሰስ ነው። ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ለማንም ቀለብ አይደለም። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከእሱ ያመረተው ኢታኖል በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ መቀላቀል ጀመረ፤ በኋላም 10 ደረሰ። ከመኪናም የተሻለ ቦታ አግኝቷል። ጅጅጋ አጠገብ በቀብሪበያህ የስደተኞች ጣቢያ ለሶማሌ ቤተሰቦች የኢታኖል ምድጃ ተሰጠ። እንጨት ፍለጋ ሩቅ ሄደው ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ይጋጩ፣ ይደፈሩም የነበሩ ሴቶች በአንድ ሊትር ነዳጅ የቀኑን ወጥ ሠሩ። ከትርፍራፊ የተሠራ ባዮፊውል ለሚፈልገው ሰው ሲደርስ ምን እንደሚመስል ማሳያው ይህ ነው።

የኢንዶኔዥያ መኪና ከእኛ ጓዳ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ በ2022 ታየ። ኢትዮጵያውያን ቤቶች «የሚረጋው ዘይት» የሚሉት ፓልም በብዛት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የሚመጣው። የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይትን ከገበያ ሲያስወጣ ዓለም ሁሉ ወደ ፓልም ዞረ። ኢንዶኔዥያ ግን ከናፍጣዋ 30 በመቶውን በፓልም እንድትተካ ራሷን አስገድዳ ነበር። ለሕዝቧ ዘይት ሲያጥራት ግዴታውን ሳትነካ በሚያዝያ መጨረሻ ወደ ውጭ መላክን ከለከለች፤ እገዳው በግንቦት ተነሣ። አዲስ አበባ ላይ ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን የሰቀለው በዚህ ብቻ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የብር መድከም ነበሩበት። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ዓመት እንኳ ለናፍጣ የተመደበው ዘይት ሳይነካ፣ የተቋረጠው ለውጭ ጓዳ የሚሄደው ነበር። በ2025 ግዴታው 40 በመቶ ደርሷል።

ለሚነዳው ሰው

ታዲያ አረንጓዴ መንዳት የሚፈልግ ሰው ምን ይምረጥ? ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ወገናችን የሚቀዳው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ማደያው ላይ ተለጥፎ ይታያል። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር በሚፈጅ መኪና 20,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 200 ሊትር ኢታኖል፣ ማለትም አምስት ኩንታል በቆሎ ያቃጥላል። ግማሹን የሚፈጅ ሃይብሪድ ቢይዝ ሁለት ኩንታል ተኩሉ ይቀራል፤ ከዚህ በተጨማሪ 900 ሊትር ቤንዚን ይተርፈዋል። እስከ 85 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ነዳጅ በአረንጓዴ ስም መቅዳት ግን የበቆሎውን ፍጆታ ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ከነዳጁ ዓይነት ይልቅ መጠኑ ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና ሂሳቡን ከሥሩ ይለውጠዋል። አንድ ሄክታር የአሜሪካ በቆሎ በዓመት 4,000 ሊትር ያህል ኢታኖል ይሰጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ኢታኖል ለሚፈጅ መኪና 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ሄክታር ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ቢተከልና ዝቅ አድርገን 500,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሰጥ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ መኪና 2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይነዳበታል። ከ60 እጥፍ በላይ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ለም መሬት አይፈልግም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል ምክንያቷ የነዳጅ ምንዛሪ ነበር፤ ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመጣ ምርጫው ከእህል ጋር አይሻማም። የቻርጅ ቦታ ማነስና የመብራት መቋረጥ እውነተኛ ችግሮች ናቸው። መኪና መግዛት ለማይችለው ብዙኃን ደግሞ አውቶቡስ መጨመር ከሁሉም ይቀድማል።

የግለሰብ ምርጫ ወሰን እንዳለው ግን መታወቅ አለበት። የግዴታው መጠን በሕግ የተቆረጠ እስከሆነ ድረስ አንድ ሹፌር ያልቀዳውን ሌላው ይቀዳዋል። በ2024 በዓለም 673 ሚሊዮን ሰው እንደተራበ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገምተዋል። ይህን ቁጥር የፈጠሩት በዋናነት ጦርነት፣ ድርቅና ድህነት ናቸው፤ ባዮፊውል ቢጠፋ ነገ አይጠፋም። ሕግ አውጪዎች ግን ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ ለነዳጅ ሲባል የሚበላ ሰብል ማስገደድን መተው፣ ያ ካልሆነ ደግሞ ክምችት ሲመናመን ግዴታው ራሱ በራሱ የሚቀንስበትን አንቀጽ መጻፍ። ብራዚል እንደሚቻል አሳይታለች። አሜሪካ ግን ግዴታውን ለጊዜው እንድታላላ በ2008ም በ2012ም ተጠይቃ እምቢ ብላለች፤ ስለዚህ በሚቀጥለው የድርቅ ዓመት ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከምርት መጥፋቱ በፊት ነው።